የአያ ሙሉሰው ግራ ዓይን

ሰው አጥፍቶ ሲጠየቅ «አላወቅሁም ነበር» ይላል። እኔ ይህችን እንኳ ማለት አልችልም። አውቅ ነበር። ከማወቄም በላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አፍ አውጥታ ነግራኛለች። ታዲያ ምን ነካህ ብትሉኝ፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበራ። ጎበዝ ነኝ ያለ ሰው ደግሞ ምክር አይሰማም።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እተይባለሁ፣ ሠንጠረዥ እሞላለሁ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ካለፈ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፤ ኢንተርኔት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን የሚጠፋበት፣ ፌስቡክ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠርበት ጊዜ። ሥዕል ከልጅነቴ እወዳለሁ። በደብተር ኅዳግ፣ በስሚንቶ ከረጢት ወረቀት፣ ባገኘሁት ሁሉ ላይ ስጭር ነው ያደግሁት። ያስተማረኝ ሰው የለም።

አንድ ባሕር ዳር የተማረ ጓደኛዬ ያገለገለች የመሳያ ሰሌዳ ሰጠኝ። ከኮምፒውተር ጋር በሽቦ የምትገናኝ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ናት፣ የራሷ ብዕር አላት። ሰሌዳዋ ላይ ስትጭር መስመሩ የሚወጣው ስክሪኑ ላይ ነው። እጅህ እታች ይሠራል፣ ዓይንህ እላይ ያያል። የመጀመሪያውን ወር የሳልሁት ሁሉ ሰካራም የሳለው ይመስል ነበር። እልኸኛ ነኝና አልተውኋትም። ኃላፊዬ የቢሮውን ቁልፍ ስለሰጡኝ፣ መብራት ካለ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ እውላለሁ።

ጓደኛዬ ከሰሌዳዋ ጋር በሲዲ የቀዳቸው የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ነበሩ። አንድ ፈረንጅ የሰው ፊት ሲስል ግማሹን በብርሃን ያወጣና ግማሹን በጨለማ ይውጠዋል። እሱን አይቼ አበድሁ። ከዚያ ወዲያ የሳልሁት ሰው ሁሉ ግማሽ ፊቱ ጨለማ ነበር። ቢሮ ውስጥ «አቶ ሰዓሊ» እያሉ ያሾፉብኛል፤ እኔ ግን ሹፈቱን እንደ ማዕረግ ነበር የምቀበለው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቢሮው በር ተንኳኳ። ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ፣ ፀጉራቸውን የተላጩ ሴት ናቸው። አምሳውን ያለፉ ይመስላሉ።

«ሥዕል የሚሠራው ልጅ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«ምናለ የሚሉህ?»

«አዎ፣ ምናለ እባላለሁ።»

ገቡና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስማቸው ጥሩወርቅ ነው። ከማንኩሳ ወረድ ብላ ካለች የገጠር ቀበሌ ለገበያ መምጣታቸው ነው። ከመቀነታቸው ላይ ቋጠሮ ፈትተው አንድ የቀበሌ መታወቂያ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ባሌ ነው። ሙሉሰው። ካረፈ ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ። ከዚህች በቀር ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም።»

ፎቶው የአውራ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ማህተሙን ጠርዝ ላይ እንደማሳረፍ የሟቹ ፊት ላይ ጥሎታል። ሐምራዊው ክብ የግራ ዓይናቸውን ድራሹን አጥፍቶታል።

«ማህተሙ ዓይናቸውን ሸፍኖታል» አልሁ።

«እሱን ላስረዳህ ነው የመጣሁ። ግራ ዓይኑ ከቀኙ ጠበብ ይላል። ልጅ ሳለ አውድማ ላይ ገለባ ገብቶበት ነው። ታዲያ ዓይነ ስውር እንዳይመስልህ፤ ሰብሰብ ያለ ነው እንጂ ያያል። አሁን በአፌ ብነግርህ አይገባህም። አንተ ሌላ ሌላውን ሠርተህ እዚያ ላይ ስትደርስ ጥራኝ። አጠገብህ ቁጭ ብዬ ‹ይህን ዝቅ፣ ይህን ከፍ› እልሃለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያየሁት ዓይን ነው።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ ብለህ እንዳትቀር ልጀ።»

«ኧረ አልቀርም።»

ከዚያ ሥዕሉ ለምን እንዳስፈለጋቸው ነገሩኝ። አያ ሙሉሰው በመሬት ልኬታው ጊዜ የኮሚቴ አባል ነበሩ። ጎረቤታቸው አያ ደሴ በልኬታው አንድ ቁራጭ መሬት ጎደለባቸውና ሰንበቴ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት፣ «ሙሉሰው ለዘመዱ ብሎ ድንበሬን ገፋ» ብለው ተናገሩ። በገጠር ድንበር ገፊ መባል ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ስድብ አይደለም። ሌባ ከመባል ይከፋል። አያ ሙሉሰው ማሉ፣ ተገዘቱ፤ የሰማቸው የለም። ልጃቸውን ሊያገባ የነበረው ቤተሰብ እንኳ «ከድንበር ገፊ ቤት» ብሎ ቀረ። እንዲሁ እንደተባሉ ሞቱ።

«አሁን የንስሐ አባታችን ቄስ ይርጋ ደሴን ለምነው፣ ቆጥተው፣ በአርባው ተዝካር ሰው በተሰበሰበበት ‹ቃሌን አንሥቻለሁ› እንዲል እሺ አሰኝተውታል» አሉ እማማ ጥሩወርቅ። «ሥዕሉን ዳሱ ውስጥ ከፊት አቆመዋለሁ። ደሴ ፊቱን እያየ ይናገር። ሰውም ፊቱን እያየ ይስማ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ለእኔ የቀረኝ ይኸው ነው።»

ዋጋ ሲጠይቁኝ «ለነፍስ ነው» ብዬ እጄን አወዛወዝሁ። ቸር መስሎ መታየትም ደስ ይለኝ ነበር። እማማ ጥሩወርቅ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ጉንጬን ሳሙኝና ወደ ገበያቸው ተመለሱ።

የዚያኑ ዕለት ጀመርሁ። ፎቶውን በስካነር አስገብቼ አሰፋሁት። ግንባራቸውን፣ ሪዛቸውን፣ ትከሻቸው ላይ ያረፈውን ጋቢ እየሠራሁ ውዬ በማግስቱ እሑድም ቀጠልሁ። ለራሴ መመስከር ካለብኝ ጥሩ ነበር የሠራሁት። ቀኝ ዓይናቸውን ስጨርስ ሰውየው ያዩኝ መስሎኝ ደንገጥ ብያለሁ። ከዚያ ግራው ላይ ደረስሁ።

ምንም ባሰፋው ሐምራዊ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ቀኝ ዓይኑን ቀድቼ፣ አዙሬ፣ በግራው ቦታ አስቀመጥሁት። ኮምፒውተር ይህን በሁለት ጠቅታ ይሠራዋል። የወጣው ሰው ግን አያ ሙሉሰው አልነበሩም። የማላውቀው፣ የደነገጠ የሚመስል ሌላ ሰውዬ ተቀምጦ ያየኛል። አጠፋሁት። በግምት ጠበብ አድርጌ ሞከርሁ፤ እንቅልፍ የያዛቸው መሰሉ። እሱንም አጠፋሁት።

እንግዲህ የሚጠበቅብኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እማማ ጥሩወርቅን መጥራት። ማንኩሳ ሩቅ አይደለችም። በሚኒባስ ሄጄ ከዚያ በእግሬ ብወርድ በግማሽ ቀን ደርሼ እመለሳለሁ። በገበያተኛም መልእክት መላክ ይቻላል። ለምን አልጠራሁም? ብዙ ጊዜ «ጊዜ አጥሮኝ ነው» ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬአለሁ። ጊዜስ ነበረኝ። እውነቱ፣ ያቺ ባላገር ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ስክሪኔ ላይ ጣቷን እየቀሰረች «ዝቅ፣ ከፍ» እንድትለኝ አልፈለግሁም። ሰዓሊው እኔ ነኝ ብዬ። በልቤ «ሴት» እንጂ «እማማ» እንኳ አላልኋቸውም።

ስለዚህ የማውቀውን ዘዴ አመጣሁ። ፊታቸውን ወደ ጎን መለስ አድርጌ ግራውን በጥላ ዋጥሁት። ከአፍንጫቸው ወዲያ ጥቁር፣ ከወዲህ ብርሃን። ችግሩ አለቀ። እንዲያውም አማረ። ፌስቡክ ላይ ለጠፍሁትና አዲስ አበባ ያሉ የማላውቃቸው ሰዎች «አንተ ፕሮፌሽናል ነህ» ብለው ጻፉልኝ። ያን ቀን ምሳ አላስፈለገኝም።

ሰኞ ቢሮ ውስጥ ለሁሉም አሳየሁ። የመዝገብ ቤቷ የሽወርቅ ነጠር ያለ ነገር የምትናገር ልጅ ናት። ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አየችና፣

«ጎበዝ ነህ» አለችኝ። «ግን ሰውየው ክፉ ነበሩ እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በአንድ ዓይን ነዋ የሳልሃቸው።»

እዚህ ላይ ላቁምና ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል። ጌታን የሚገርፉት፣ ይሁዳ፣ ሰይጣንም ራሱ፣ ፊታቸው ወደ ጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ይህን ፊደል ያልቆጠረ ሰው ያነበዋል። እኔም ገና በአራት በአምስት ዓመቴ እናቴ ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት አቁማ «ክፉዎቹ የትኞቹ ናቸው? ዓይናቸውን ቁጠርና ንገረኝ» ስትለኝ እየቆጠርሁ ነው ያደግሁት። ታዲያ ስክሪን ላይ ሲሆን ያ ሁሉ ከራሴ ወጣ። ሌላ ዓለም መሰለኝ።

«ይህ የብርሃንና የጥላ ጥበብ ነው» አልኋት። «አንቺ ከግድግዳ ሥዕል ሌላ አይተሽ ስለማታውቂ ነው።»

«እኔ አላየሁም። የሚያዩትም ሰዎች አላዩም» አለችና «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ተናግሬአለሁ» ብላኝ ወደ መዝገቧ ሄደች።

ቅናት ነው ብዬ አሳለፍሁት። በሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ወርጄ በትልቁ አሳተምሁና በመስታወት አስገጠምሁት።

የተዝካሩ ዕለት ጠዋት ሥዕሉን በካኪ ወረቀት ጠቅልዬ በሚኒባስ ማንኩሳ ደረስሁ። ከዚያ አንድ ሰዓት የሚያህል በእግር ነው። የጤፉ ማሳ ገና አረንጓዴ ነበር። ልቤ በደስታ ይዘላል። ሰው ሁሉ ሥዕሌን ሲያይ ምን እንደሚል እያሰብሁ፣ ትሕትና የሚመስል መልስ እያዘጋጀሁ ነበር የምሄደው።

ዳሱ ሰፊ ነው። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ከፊት ተቀምጠዋል። የሦስት ቀበሌ ሰው ነው የመጣው፤ አግዳሚ ሞልቶ መሬትም ተቀምጧል። እማማ ጥሩወርቅ ከጓዳ ወጥተው አቀፉኝ።

«መጣህ ልጀ። እግዜር ይስጥህ።» ጥቅሉን በእጃቸው ዳሰሱት። «ዓይኑን እንዴት አደረግኸው? አልጠራኸኝም እኮ።»

በዚህች ደቂቃ እውነቱን ብናገር ነገሩ ይድን ነበር። ሥዕሉ ሳይከፈት ጓዳ ይቀር ነበር፤ አያ ደሴም ያለ ሥዕሉ ይናገሩ ነበር።

«ያምራል እማማ። ሲያዩት ያውቁታል» አልሁ።

«ይሁን። እኔም ከሰው ጋር ነው የማየው» አሉ። ፊታቸው ላይ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የመጣ የማይመስል ፈገግታ ነበር።

ሰው ቀመስ ቀመስ ካደረገ በኋላ ቄስ ይርጋ ተነሡ። መስቀላቸውን ይዘው ስለ ሟች ተናገሩ። ቀጥለው «ዛሬ ከዚህ ዳስ እርቅ ሳይወርድ አንበተንም። አያ ደሴ የሚናገሩት ቃል አላቸው» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ምሰሶው ዞረ። አያ ደሴ እዚያ ናቸው፤ ቀጭን፣ ሽበታም፣ በትራቸውን በሁለት እጃቸው የጨበጡ ሽማግሌ። ፊታቸው ደስ አይልም። ልመናና ቁጣ ገፍቶ ያመጣቸው ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። ቢሆንም መጥተዋል።

«አስቀድሞ ፊቱን እንይ» አሉ ቄስ ይርጋ። «ምናለ ልጄ፣ ፍታው።»

ወረቀቱን ቀደድሁ። ሥዕሉን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አቆምሁትና እንደ ሙሽራ ሚዜ ቀጥ ብዬ ከጎኑ ቆምሁ።

ማንም ምንም አላለም። ሲያደንቁ ነው አልሁ በሆዴ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አማተቡና ፊታቸውን አዞሩ። ከወደ ኋላ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «ሙሉሰው ብለው ቢያወጡለት ግማሽ ሰው ሆኖ መጣ» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁን አፍነው በአፍንጫቸው አስወጡት። ያኔ ነው የገባኝ። የየሽወርቅ ነገር፣ የእናቴ ጣት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

ቄስ ይርጋ ሥዕሉን ቀርበው አዩት። ቁጡ ሰው አይደሉም።

«ልጄ፣ ሌላው ዓይኑ የት አለ?» አሉኝ።

«ጥላ ነው አባ።»

«የምን ጥላ?»

«የ... ብርሃኑ በዚህ በኩል ስለሆነ...»

«ሰውየውን በአንድ ዓይን ሳልኸው እኮ። ማን እንዲህ አድርግ አለህ?»

ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ያየኛል። እውነቱ አጭር ነበር፤ «አባ፣ ዓይኑን መሥራት አቃተኝ፤ ጥራኝ ብለውኝ ሳልጠራቸው ቀረሁ» ማለት ነው። ይህ ብቻ። ምላሴ ግን ሌላ ነገር ይዛ ወጣች።

«እማማ ጥሩወርቅ ናቸው በጎን ይሁን ያሉኝ።»

አልሁት። በሰው ፊት፣ በባላቸው ተዝካር፣ በቤታቸው።

ሁሉም ወደሳቸው ዞረ። እሳቸው ከጓዳው መግቢያ ላይ ቆመው ሥዕሉን ነበር የሚያዩት። ዓይናቸውን ከሥዕሉ አንሥተው እኔ ላይ አሳረፉት። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እንደሚያዝን ሰው ነው ያዩኝ፤ የታመመ ልጅ እንደሚያይ ሰው። አንገቴን ደፋሁ።

«አዎ አባ» አሉ። «እኔ ነኝ ያልሁት። የማላውቅ ሴት ነኝ፤ ያምራል መስሎኝ ነው። ልጁን አትቆጡት።»

ውሸቴን ተሸከሙልኝ። አያ ደሴ ተነሡ። በትራቸውን ተደግፈው አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ እማማ ጥሩወርቅን አዩ።

«እኔ ቃሌን ላነሣ ነበር የመጣሁ» አሉ። «ነገር ግን ሚስቱ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች። አብራው ኖራለች፣ ሚስጥሩን ታውቃለች። እሷው በአንድ ዓይን ይሳል ካለች እኔ የማነሣው ቃል የለኝም። ፈርዳበታለች።»

«አያ ደሴ፣ ይመለሱ፤ ይህ የልጅ ሥራ ነው» አሉ ቄስ ይርጋ።

አልተመለሱም። ሰው መንገድ ለቀቀላቸውና ከዳሱ ወጡ። ከኋላቸው አምስት ስድስት ሰው ተከተለ። የቀረው ሰው የቀረበለትን መብላት ጀመረ፤ አንድም ሰው ቀና ብሎ ሥዕሉን አላየም። እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መስታወቱ ላይ ጣል አደረጉበትና ወደ ጓዳ ገቡ።

እኔስ? ተነሥቼ «ዋሽቻለሁ» ማለት እችል ነበር። ሰው አልተበተነም ነበር። ቄስ ይርጋ ሦስት ክንድ ያህል ነበር የሚርቁኝ። እኔ ግን ሰው ዞር እስኪል ጠብቄ በዳሱ ጀርባ ሾልኬ ወጣሁ።

ገና ሜዳውን ሳልጨርስ ከኋላዬ ሲጠሩኝ ሰማሁ። እማማ ጥሩወርቅ ናቸው፣ ድርብ እንጀራ በሰፌድ ላይ ወጥ አድርገው ይዘው እየሮጡ።

«ሳትቀምስ ትሄዳለህ እንዴ? የነፍስ ነው እኮ። ብላ።»

ዛፍ ሥር ቁጭ አደረጉኝ። አንዲት ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉልኝ። እንባዬ መጣ።

«እማማ፣ ለምን ዋሽቷል አላሉም?»

«እንግዳዬን በቤቴ ላዋርደው?» አሉኝ። «አንተ ልጅ ነህ፣ ከሰው ጋር ገና ትኖራለህ። እሱ ሞቷል፤ ለሞተ ሰው ይቀልለታል ብዬ ነው። ደሴ ነገሩን እንዲያ ይመልሰዋል ብዬ መች አሰብሁ።»

«ልመለስና ልናገር?»

ዳሱን ዞር ብለው አዩት። ሰው እየወጣ ነበር።

«አሁንማ ለማን?» አሉ። «ብላ፤ ጦሙን የሄደ እንግዳ ነውር ነው።»

በላሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምግብ በልቼ አላውቅም። እያንዳንዷ ጉርሻ ጉሮሮዬን ልጣ ነው የወረደችው።

ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ሥዕሉን ከፌስቡክ አነሣሁት። ሰሌዳዋን ከነሽቦዋ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁባት። ለየሽወርቅ ብቻ ነገርኋት። «ነግሬህ ነበር» እንድትለኝ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን «ታዲያ ለሰውየው ምን ልታደርግላቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ልናገር ቆርጬ ወደ ቀበሌያቸው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቅዳሴው አለቀ፣ ቄስ ይርጋ አስተማሩ፣ ሰው በረከት ተቀብሎ ወጣ። እኔ ከዓምዱ ጀርባ ቆሜ ልብሴን ሳስተካክል ጊዜው አለፈ። ይህንም ጻፉልኝ። አንዴ ፈርቼ ዋሸሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ለመናገር ብዬ ሄጄ፣ ዝም ብዬ ተመለስሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስወጣ ግን እግሬ ወደ አያ ደሴ ቤት መራኝ። ከግቢያቸው በር ላይ ሞፈር ሲጠርቡ አገኘኋቸው። ሳልቀመጥ ተናገርሁ፤ እማማ ጥሩወርቅ ምንም እንዳላሉ፣ እንዲያውም ዓይኑን ሊያሳዩኝ ጥራኝ እንዳሉኝ፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንሁ። መጥረቢያቸውን አስቀመጡ።

«አውቄአለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መዋሸትህን። ፊትህ ይናገር ነበር። ጥሩወርቅም እንዲያ የምትል ሴት አይደለችም።» ሞፈሩን በእጃቸው ዳበሱት። «ልጀ፣ ያን ቀን ቃሌን ላነሣ መጥቼ ሆዴ ግን እንቢ ብሎኝ ነበር። ሰው ‹ዋሾ› ብሎ ሊሄድ ነው እያልሁ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነው የመጣሁ። ምክንያት ስፈልግ አንተ ሰጠኸኝ።»

«አያ ሙሉሰውስ ድንበሩን በእውነት ገፍተዋል?»

«ኧረ የት። የልኬታውን ገመድ በአንድ ጫፍ የያዝሁት እኔው ራሴ ነበርሁ። መሬቱ የጎደለው ቀድሞም የእኔ ስላልነበረ ነው። ተናድጄ ተናገርሁ፤ የተናገርሁት ቃል ደግሞ አደገብኝ።»

«እንግዲያው አሁን ይናገሩ።»

«ለቄሱ ነግሬአለሁ፤ ንስሐ ሰጥተውኛል» አሉና መጥረቢያቸውን አነሡ። «ያን ሁሉ ሰው ግን ከየት ላምጣው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እዚህ ድረስ ከመጣችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኔን ይቅር በሉኝ አይደለም። ያን ዳስ መልሼ መሰብሰብ አልችልም፤ የሦስት ቀበሌ ሰው ተሰብስቦ የሰማውን ነገር አንድ በአንድ ቤት ለቤት እየዞርሁ አልሽረውም። ስለዚህ እዚህ እላለሁ፤ አያ ሙሉሰው ድንበር አልገፉም። ሚስታቸውም አልፈረዱባቸውም። ከዚያ አካባቢ የሆነ ሰው ይህን ካነበበ ለጎረቤቱ ይንገርልኝ።

በእኔ ላይ ስለተለወጠው ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ መሳል አልተውሁም። ለብዙ ወራት ትቼ ነበር፤ ከዚያ መተዉም ራሱ ሌላ ሽሽት መሰለኝ። አሁን የሞተ ሰው ሥዕል ሲያሠሩኝ የሚመጡትን ሰዎች አጠገቤ ወንበር ስቤ አስቀምጣቸዋለሁ። «አገጩ ሰፋ»፣ «ሲስቅ እንዲህ ነበር» ይሉኛል፤ እኔ እሠራለሁ። አንዳንዴ ይሰለቸኛል፤ አንዳንዴ እርስ በርስ ይጣላሉ። ጎበዝ ነህ ሲሉኝ ግን እስካሁን አንገቴ ይደፋል። ትሕትና የሚመስላቸው አሉ።

እማማ ጥሩወርቅን ለማምጣት ድፍረት ያገኘሁት በዚያው ዓመት በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። ራሴ ሄጄ ለመንኋቸው። ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ መጡ፤ ወንበር ሳብሁላቸው፤ መሳቢያውን ከፍቼ ሰሌዳዋን አወጣሁ። የአያ ሙሉሰውን ፊት ወደ ፊት መልሼ ጥላውን ጠረግሁት። ግራው ባዶ ሆኖ ታየ።

«ዝቅ» አሉ። «እንዲያ አይደለም፤ ትንሽ ዝቅ። ሽፋሽፍቱ እዚህ ጋ ሰብሰብ ይላል። አይ፣ ይህ ሲናደድ ነው። ቀለል አድርገው።»

ስሠራ ስሰርዝ፣ ስሠራ ስሰርዝ እኩለ ቀን አለፈ። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ቁጭ ብለን ጠበቅን። እሳቸው እንዳልደከማቸው ያስታውቅ ነበር፤ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ሲያዩ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከታችኛው ሽፋሽፍት ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ሳሰምር እጃቸው ክንዴን ያዘኝ።

«ቁም። እንዳትነካው።»

ብዕሩን አነሣሁ። ጠበብ ያለች፣ ሰብሰብ ያለች፣ ነገር የሚገባት ዓይን ናት። አያ ሙሉሰው በሁለት ዓይናቸው ሁለታችንንም ያዩናል። እማማ ጥሩወርቅ ጥቁር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ለሙት ዓመቱ ሰው ሲሰበሰብ ይቁም» አልሁ። «እኔም ተነሥቼ እናገራለሁ። በዚህ ጊዜ አልፈራም።»

«የምን ሰው? በሬውን ለአርባው አርጄዋለሁ። ለሙት ዓመቱ ቅዳሴና ለነዳያን ትንሽ ቆሎ ነው ያለኝ» አሉ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ። ቆይተው፣ እንደማይወቅስ ሰው ለስለስ ብለው፣

«ሙሉሰውስ መጣ ልጀ» አሉኝ። «ሰዎቹ ናቸው የሄዱት።»